ሞተሩ እስኪሞቅ

ከኡካ ወደ መቱ በየማለዳው የምትወጣ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረች። በዚያ የታኅሣሥ ጠዋት ባለቤቴንና በሆዷ የተጋደመውን ልጅ ለማትረፍ የነበረኝ ተስፋ እሷ ብቻ ነበረች። አምቡላንስ የሚባለውን ነገር የምናውቀው በሬዲዮ ነው። ሞባይልም ገና እኛ ጋ አልደረሰም። እኔ የማስተምርበት የገጠር ትምህርት ቤት ደግሞ ከኡካ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ይርቃል፤ ያውም ለጤነኛ ሰው።

አስቀድሜ ስለ ሹፌሩ ካልነገርኩ የደረሰብን ነገር አይገባም። ሽማግሌ ናቸው፤ ትልቅ ትንሹ ጋሼ ነበር የሚላቸው። ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጡና መኪናዋን አንዴ ይዞሯታል። ዘይቷን ያያሉ፣ በእጅ የሚገፋውን የናፍጣ ፓምፕ ጥቂት ጊዜ ይገፉታል፣ ከዚያ ጋቢና ገብተው ቁልፉን በግማሽ ያዞሩና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ ሃያ ይቆጥራሉ። ሲያስነሷት ታስላለች፣ ነጭ ጭስ ትተፋለች፣ ቀስ በቀስ ድምፅዋ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ የለም። ጋሼ ሻያቸውን ይዘው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፤ መኪናዋም ለብቻዋ ታጉረመርማለች።

ለሚያቻኩላቸው ሰው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ ብረትም እንደ ሰው ነው፣ ከእንቅልፉ በቅጡ ሳይነቃ ሸክም አይጫንበትም ይላሉ። በወጣትነታቸው ብርድ በበላው ሞተር ዳገት ሊያወጡ ሲሉ ሞተሩ ነክሶ መዞር አቁሞባቸው ወራት ያለ ሥራ ተቀምጠዋል፤ ያንን አይረሱም። አንድ ጊዜ አንድ የወረዳ ሹም ጋቢና ገብቶ ስብሰባ ረፍዶብኛልና አሁኑኑ እንሂድ ቢላቸው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለውት ሁለተኛ ሻይ አዘዙ። ሹሙም ግማሽ ሰዓቱን ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ ምን ምርጫ ነበረው!

ይህ ልማዳቸው ቀስ እያለ ለአገሩ ሰዓት ሆነ። በሸለቆው ዙሪያ ያለ መንደር ሁሉ የዚያችን ሞተር ድምፅ ለይቶ ያውቃል። ድምፁ ሲሰማ መንገደኛ አይደነግጥም፤ ፊቱን የሚታጠበው፣ ጫማውን የሚፈልገው፣ ከሚስቱ ጋር የጀመረውን ጭቅጭቅ የሚጨርሰው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ኡካ ባደርኩ ቁጥር ከአልጋ የምወርደው ሞተሩን ከሰማሁ በኋላ ነበር። የጋሼ መኪና አመለጠችኝ ያለ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ሰምቼ አላውቅም።

ባለቤቴን ምጥ የያዛት በዋዜማው ጠዋት ነው። የመንደሩ የልምድ አዋላጅ፣ ግማሹን ተማሪዬን በእጃቸው የተቀበሉ እናት፣ ቀኑን ሙሉ ሲያሿትና ሲያበረታቷት ውለው ሲመሽ ወደ ውጭ ጠሩኝ። ልጁ አግድም ተጋድሟል፣ እጄ ሊመልሰው አልቻለም፣ ይህ የመቱ ሐኪም ሥራ እንጂ የኔ አይደለም አሉኝ። የነገሩኝ በኦሮምኛ ነበር፤ አልገባኝም እንዳልል አንዲቷም ቃል አላመለጠችኝም። ያን ጊዜውኑ ተነስተን እንዳንሄድ ከኡካ ሲመሽ የሚወጣ መኪና የለም። ያለን የጋሼ መኪና ነው፤ እሷም የምትወጣው ጠዋት ነው።

ጎህ ሳይቀድ ስምንት ወንዶች ደጃችን ቆመው አገኘሁ። ማን እንደጠራቸው አላውቅም፤ በዚያ አገር ምጥ የጠናባት ሴት ካለች ወንዱ ሳይጠራ ይመጣል። ሁለት አጣና በገመድ አያይዘው ብርድ ልብስ ዘርግተው ቃሬዛ ሠርተዋል። አራት አራት እየሆኑ ሊፈራረቁ ተስማሙ። እኔ የፊቱን የቀኝ ጫፍ ያዝኩ። አስተማሪ ነኝ፤ ከጠመኔና ከደብተር የሚከብድ ነገር ተሸክሜ አላውቅም። ተራ ሲደርስ ልቀቅ አሉኝ፤ አልለቅም አልኩ። በሚቀጥለውም ልቀቅ አሉኝ፤ አልለቅም አልኩ። ሚስቴን ሌላ ሰው ተሸክሞልኝ እኔ እጄን እያወዛወዝኩ ልሄድ ነው? አሁን ሳስበው ትዕቢት ነበር፤ ያኔ ግን ፍቅር ይመስለኝ ነበር።

ብርዱ ዓይን ያስለቅስ ነበር። ኢሉባቦር ዝናብ እንጂ ብርድ የለውም የሚሉ ሰዎች ታኅሣሥ ውስጥ እዚያ ሸለቆ አላደሩም። ጉሙ መሬት ለመሬት ተኝቶ የምንረግጠው አይታየንም፤ የሣሩ ጤዛ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት አርሶታል። እሷ አትጮኽም። ምጡ በመጣ ቁጥር የቃሬዛውን ገመድ ጨምድዳ ትይዝና ሲያልፍ ትለቀዋለች። ገመዱ ሲወጠር አጣናው ትከሻዬ ላይ ይከብዳል፤ በዚያ ነበር ምጧን የምቆጥረው። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ተሰጠኝ ብዬ ከቡሬ፣ ከእናቷ ጉያ አውጥቼ እዚያ ጫካ ውስጥ ያመጣኋት እኔ ነኝ። መንገዱን ሁሉ ሳስብ የነበረው ይህንን ነው።

ከኡካ ማዶ ያለው የተራራ ጫፍ ላይ ስንደርስ ሰማዩ መቅላት ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ ሳሉ፣ ከዚያ ማጉረምረሙ። ሰውነቴ ሁሉ ፈታ አለ፤ እግዚአብሔር ራሱ ያስነሳልኝ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ጫፍ እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ አሥር ደቂቃ፣ ከወንዙ እስከ ኡካ ዳገቱ ሌላ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ግማሽ ሰዓት አለን። ወደ ኋላ ዞሬ አይዞሽ፣ ገና እያሞቁ ነው አልኳት። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና መልሳ ጨፈነችው።

ወንዙን ተሻግረን ዳገቱ ሥር ስንደርስ ተናገረች፤ ጠዋቱን ሙሉ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

“ትንሽ አውርዱኝ።”

ከተሸካሚዎቹ ትልቁ፣ ፂማቸው የሸበተ ገበሬ፣ እምቢ አሉ። “ሂን ታኡ” አሉ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። ትከሻ አንዴ ከቀዘቀዘ መልሶ አይሸከምም፣ ዳገቷን እንጨርሳትና ላይ ታርፋለች አሉ። ከወጣቶቹ አንዱ ግን ማዶ ወደሚያጉረመርመው ድምፅ በአገጩ እያሳየ “ኮንኮላታን ሂን ዴምኔ፤ ሱታ” አለ። መኪናው አልሄደም፣ ቀስ እንበል ማለቱ ነው። ከዚያ ሁሉም እኔን አዩኝ። ባሏ ነኛ። ሞተሩን አዳመጥኩ፤ ሳይጨምር ሳይቀንስ እየሠራ ነው። በልቤ ደቂቃውን ደመርኩ፤ ይበቃል።

“አውርዷት” አልኩ።

አወረድናት። ከወንዙ በእፍኜ ውኃ አመጣሁላት፤ ከንፈሯን አርጥባ ተወችው። ሰዎቹ ትከሻቸውን አሹ፤ አንዱ ትንባሆውን አወጣ። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እግሮቼን ዘረጋሁ። ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥን ዛሬም አላውቅም፤ አምስት ይሁን ሰባት። መቀመጡ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ድምፁ ወፈረ። ማርሽ ሲገባ የሚያሰማውን ያንን የብረት ጩኸት ሰማሁ። ሽማግሌው ገበሬ ቀና አሉ። ምናልባት ጋሼ የመኪናዋን ቦታ ሊያስተካክሉ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ድምፁ ወደ ግራ ዞረ፣ ቁልቁል ያዘ፣ መራቅ ጀመረ።

“እየሄደ ነው” አሉ ሽማግሌው። ጠዋቱን ሙሉ በኦሮምኛ ሲያናግሩኝ ነበር፤ ይህችን ግን በአማርኛ አሏት።

ቃሬዛውን ለእነሱ ትቼ ዳገቱን ሮጥኩ። ያንን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። የማስታውሰው የመኪናዋን ባዶ ቦታ ነው፤ መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታ፣ አጠገቡ ደግሞ በአሮጌ የብረት ሳህን ላይ ገና ያልጠፋ ፍም። ሻይ የሚሸጡት እትዬ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። ጋሼስ? ስላቸው አሁን ወጡ አሉኝ። ገና አላሞቁም ብዬ ጮኽኩባቸው፤ በእሳቸው ጥፋት ይመስል። ሴትዮዋ ምን እንደነካኝ ግራ ገብቷቸው አስረዱኝ። ብርዱ ከብዶ መኪናዋ እምቢ አለች፤ ጋሼ ከሌሊት ጀምሮ ከሞተሯ ሥር ፍም አድርገው ዘይቷን ሲያሞቁ ቆዩ፤ ሞቃ ነው የተነሳችው፤ ስለዚህ ብዙም አልጠበቁ።

እሳት ድምፅ የለውም። እኛ የቆጠርነው የሰማነውን ነው፤ መሞቅ የጀመረችው ግን እኛ ገና ጫካ ውስጥ ሳለን ነበር።

የመኪናው መንገድ ኮረብታውን ይዞራል፤ በቡናው መሐል የሚያቋርጥ የእግር መንገድ ግን ታች ድልድዩ ጋ ያወርዳል። በዚያ ወረድኩ። ሁለት ጊዜ ወድቄ መዳፌ ተላጠ። ድልድዩ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረኝ መኪናዋ ተሻግራ ወደ ላይ እየዞረች ነበር። እጄን አነሳሁ፣ ጮኽኩ፣ ጋቢዬን አውልቄ አውለበለብኩ። በቡናው ጆንያ ላይ የተቀመጡት መንገደኞች አዩኝ። አዩኝና እነሱም እጃቸውን አነሱልኝ። አንዱ ደህና ዋል መምህር አለኝ። ሰላምታ መስሏቸዋል።

መንገዱ መሐል ተንበርክኬ አለቀስኩ። እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ አባቴ ሲሞትም እንደዚያ አላለቀስኩም። ሚስቴ ገና በሕይወት አለች፣ ልጁም አለ፣ እኔ ግን ሁለቱንም እንደቀበረ ሰው መሬቱን በጡጫዬ ስመታ ነበር። ከዚያ ተነስቼ ያንኑ ዳገት ወጣሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

ስመለስ ኡካ አድርሰዋት መንገድ ዳር አስተኝተዋታል። ሴቶች ከበው ነጠላ ጋርደውላታል። አመለጠን? አለችኝ። አላመለጠንም፣ ሌላ ይመጣል አልኳት። ሌላ እንደሌለ እሷም ታውቃለች። ሽማግሌው ገበሬ ትንሽ ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። ምነው በሰማሃቸው የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነበር፤ ማንም አላለኝም። ሰዎቹ እስከ መቱ በትከሻ እንውሰዳት እያሉ መመካከር ጀመሩ። ቀን ከሌሊት እንደማይበቃ እያወቁ ነው ይህን የሚሉት፤ አንዱ እንዲያውም ገመዱን ማጥበቅ ጀመረ።

ጉሙ ተነስቶ ፀሐይ ስትወጣ ያንን ሞተር ደግሜ ሰማሁት። መጀመሪያ ጆሮዬ እያታለለኝ መሰለኝ። ጆንያ ላይ ከተቀመጡት አንዲት ነጋዴ ሴት ታውቀኝ ኖሯል፤ መምህር ለሰላምታ ጋቢውን አያወልቅም ብላ የጋቢናውን ጣሪያ ስትደበድብ ጋሼ ወራጅ ያለ መስሏቸው ትንሽ እንደሄዱ ቆሙ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ለመዞር ሰፊ ቦታ እስኪያገኙ ገና ብዙ ነዱ፤ እዚያም ሰውና ጆንያ አራግፈው ባዶዋን ይዘው ተመለሱ። ይህ ሁሉ ከሰዓት በላይ ፈጅቷል። ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ፣ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ጋቢያቸውን ጋቢና ውስጥ አነጠፉላት።

ጋሼ በዚያ መንገድ እንደዚያ ሲነዱ ያየ ሰው የለም። እኔ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር እሷን ከመንገጫገጭ ለመያዝ እታገላለሁ። መቱ ልንቃረብ ስንል እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው።

“ዝም አለ” አለችኝ።

ተኝቶ ነው አልኳት። በዚያ ጠዋት ስንት ጊዜ ዋሸኋት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያዩን ወዲያው ተቀብለው አስገቧት። የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ እሷን አተረፉልኝ። ልጅቷን ጠቅልለው ሰጡኝ። ሴት ነበረች፤ ፀጉሯ ብዙ ነው። ገና አልቀዘቀዘችም ነበር። ለማን እንደምሰጣት ስላላወቅሁ ኮሪደሩ ላይ ብዙ ቆምኩ። ጋሼ ከግቢው ገብተው አዩኝና ኮፍያቸውን አወለቁ። ልጄ፣ ብሰማ ኖሮ እስከ ማታ እጠብቃችሁ ነበር አሉኝ። አውቃለሁ ጋሼ አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። ከዚያ በኋላ መንዳት እስኪያቆሙ ድረስ ከመነሳታቸው በፊት ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ይነፉ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ አልሰማሁትም፤ ወዲያው ዝውውር ጠይቄ መቱ ገባሁ።

ለቅሶ የመጡት ሰዎች ሳይደግስ አይጣላም አሉኝ። ተቆጥቼ ከቤት ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ወልደናል፤ ሰው ይህንን ሲሰማ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፣ ተመስገን በል ይለኛል። ተመስገን እላለሁ። ነገሩ ግን አላለቀም። አውርዷት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይህንን አልክድም። ግን ሰው ጥፋቱን ለብቻው መሸከም ሲያቅተው የሚያጋራው ይፈልጋል። እኔም በሆዴ፣ አንድም ቀን በአፌ ሳልናገረው፣ አውርዱኝ ያለችው እሷ ናት እያልኩ ኖሬአለሁ። በተለይ ስንጣላ። ኩርፊያው ሲረዝም፣ ሁለታችንም ጀርባ ለጀርባ ስንተኛ፣ አንቺ አይደለሽ ያልሽው? እላታለሁ በሆዴ፤ ትንሽ ይቀለኛል።

ባለፈው ሰሞን መቱ ከባጃጅ ወርደን ወደ ቤታችን የሚያስወጣውን አቀበት ይዘናል። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ግማሹ ላይ ስደርስ እግሮቼ አልታዘዝ አሉኝ። አጥር ተደግፌ ቆምኩ። እሷ የያዘችውን ዘንቢል መሬት አስቀምጣ እግሮቼን ስታይ ቆየችና ፈገግ አለች።

“ያኔም እንዲህ ነበር የሚንቀጠቀጡት።”

መቼ? አልኳት፤ እያወቅሁ።

“የኡካ ለት ነዋ። እንጨቱ በአንተ በኩል ሲንቀጠቀጥ ጀርባዬ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ልቀቅ ሲሉህ አልለቅም ትላለህ። እኔማ ማረፍ መች ፈለግኩ፤ ቶሎ በደረስኩ ብዬ ነበር የምጸልየው። ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ነው ብዬ አዘንኩልህና አውርዱኝ አልኩ።”

ይህንን ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ለብዙ ዓመት ያልነገረችኝም ደብቃኝ አይመስለኝም፤ የማውቀው መስሏት ነው። ዘንቢሏን አነሳች፣ በሌላ እጇ ክንዴን ያዘችና በል ተደገፈኝ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንግባ አለችኝ። ተደግፌያት አቀበቱን ጨረስን። በሆዴ ስከሳት እንደኖርኩ እስከ ዛሬ አታውቅም።